የት ደረስክ?

አማርኛ መንገደኛን በስልክ የሚጠይቅበት የራሱ ቃል አለው። «የት ደረስክ?» ይላል። «የት ነህ?» የሚለውንም ያውቀዋል፣ ግን ለሌላ ጊዜ ነው የሚያስቀምጠው። ገንዘብ ያበደረህ ሰው «የት ነህ?» ይልሃል። የተናደደ አለቃም፣ የጠረጠረች ፍቅረኛም እንደዚያው። ጥያቄው የሚፈልገው ቦታህን ብቻ ነው፤ ጠያቂው በቦታህ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አይናገርም። «የት ደረስክ?» ግን ገና ከአፍ ሲወጣ ብዙ ነገር ይናገራል። መንገድ ላይ መሆንህን አውቃለሁ ይላል፤ ከየት ተነስተህ ወዴት እንደምትሄድ ነግረኸኛል ይላል፤ እንድትደርስም እፈልጋለሁ ይላል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። መልሱም የታወቀ ነው፦ ፍቼን አለፍን፣ ገብረ ጉራቻ ነን፣ ጎሃ ጽዮን ደረስን፣ በረሃ ልንገባ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ የአባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን መንገዱ ከደጋው ጫፍ ተነስቶ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ቤት ያለችው እናት የምትጠብቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ደጀን ወጣን።» ደጀን ከወጡ በኋላ ደጋው ዝርግ ነው፤ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቤት።

እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው፤ ከሠራኋቸውም ውስጥ መኪና የት እንዳለ በካርታ የሚያሳዩ ሶፍትዌሮች አሉ። ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ የሥራ ጥያቄም ነው። ማሽን «የት ደረስክ?» ማለት ይችላል ወይ? ወይስ ምንም ብናሳምረው የሚችለው «የት ነህ?» ማለት ብቻ ነው? በአማርኛ «መጠበቅ» ሁለት ነገር ነው፦ የሚመጣን ሰው መጠበቅ፣ እስረኛን መጠበቅ። ካርታ ላይ የምትንቀሳቀሰዋን ነጥብ የሚያይ ሰው የትኛውን መጠበቅ ነው የሚጠብቀው?

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ብዙዎቻችን ከማናውቀው ቦታ ነው፤ ከአማተር ራዲዮ።

ለፈረስ የተጻፈ ፕሮግራም

ስልክ ላይ ካርታ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ባልደረባ የነበረው ኢንጂነር ቦብ ብሩኒንጋ እ.ኤ.አ. በ1982 አፕል ቱ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም ጻፈ። መርከቦች በራዲዮ የሚልኩትን የቦታ መረጃ ካርታ ላይ የሚያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ የተሻሻለውን ፕሮግራም ቪክ 20 በተባለች ትንሽ የቤት ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ለ100 ማይል የፈረስ ውድድር ተጠቀመበት። ፈረሶቹ የት እንደደረሱ ብቻ ሳይሆን በምን ሁኔታ እንዳሉም ይመዘግብ ነበር። 160 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ፈረስ «የት ነው?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት ነው?» የሚለው ይብሳል። ይህን ለማስረዳት እኛ አገር ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ አዊ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ፈረስ ከነባለቤቱ እንጂ ብቻውን እንደማይጠየቅ ያውቃል።

ይህ ሥራ እያደገ ሄዶ ጂፒኤስ ሲጨመርበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤፒአርኤስ የሚባለው ሥርዓት ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ያለው ሰው ራዲዮውን ከጂፒኤስ መቀበያ ጋር ያገናኛል። ራዲዮው በየተወሰነ ደቂቃ አንዲት አጭር ፓኬት ወደ አየር ይለቃል። በፓኬቷ ውስጥ የጥሪ ምልክቱ፣ ቦታው፣ መኪና ወይም እግረኛ ወይም ብስክሌት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት፣ ከፈለገም አንዲት አጭር ጽሑፍ አለ። ፍጥነቷ በሰከንድ 1200 ቢት ብቻ ነው፤ የዛሬ ልጅ ሲሰማ ይስቃል። በመሃል ሰርቨር የለም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በ144.390፣ አውሮፓ ውስጥ በ144.800 ሜጋኸርዝ ላይ ጆሮውን የጣለ ሁሉ ይሰማታል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተተከለ ዲጂፒተር የሚባል ጣቢያ ደግሞ የሰማውን መልሶ ይደግመዋል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሳይቀር እንዲህ ያለ ደጋሚ አለ።

እኛም አገር አማተር ራዲዮ አለ። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው፤ የጥሪ ምልክቱም ኢቲ3ኤኤ ይባላል። የአባይ በረሃ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ራዲዮ የመማሪያ መጽሐፍ ሊሆን የሚችል ቦታ ነው። እነዚህ ሞገዶች እንደ ዓይን ናቸው፤ በአመዛኙ የሚሄዱት በቀጥታ ነው፤ ገደል ይከልላቸዋል። ታች ድልድዩ አጠገብ የቆመ ሰው ደብረ ማርቆስ ካለ ራዲዮ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ግን ደጀን ጫፍ ላይ፣ በረሃው ወለል ብሎ ከሚታይበት፣ አንድ ደጋሚ ቢተከል ቁልቁለቱን አብዛኛውን ያያል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ሲም ካርድ አያስፈልገውም፤ ባትሪ ብቻ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ ስልካችን ላይ ያሉ የቦታ ማጋሪያ አፖች ምን እንደሆኑ ያየ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል።

ያቺ «ፒ»

ከቴክኒኩ ይልቅ እኔን የያዘኝ ስሙ ነው። ኤፒአርኤስ ሲጀመር «ፒ» የምትለዋ ፊደል የምትቆመው ቦታ ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። በኋላ ብሩኒንጋ ቀየራት፤ ፓኬት ለሚለው አደረጋት። ምክንያት ነበረው። ሰዎች ሥርዓቱን መኪና መከታተያ አድርገው ማየት ሲጀምሩ እሱ እስከ ዕድሜው መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ2022 ነው ያረፈው) ሲከራከር ኖሯል። ይህ መከታተያ አይደለም፣ በአንድ አካባቢ ያሉ ሰዎች የሚነጋገሩበት ነው፤ በሁለት አቅጣጫ ነው፤ ቦታ ከሚባባሉት ነገር አንዱ ብቻ ነው፤ ይል ነበር።

ይህ የኢንጂነር ግትርነት ሊመስል ይችላል። አንድ ፊደል ምን ለውጥ ያመጣል? እኔ ግን የሚያመጣውን ለውጥ ከአጎቴ ተምሬዋለሁ።

አጎቴ ተሳቢ ነጂ ነው። ከጎጃም እህል ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ሲመለስ ሲሚንቶም ሸቀጥም ይጭናል። መኪናው ላይ ጂፒኤስ ተገጥሟል። ባለንብረቱ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ያየዋል። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሥራዬን ስነግረው ሳቀና፣

«አንተ ነህ እንዴ እኔን ነጥብ ያደረግከኝ?» አለኝ።

«ሌላ ሰው የሠራው ነው፣ ጋሼ፤ ግን ያው ነው» አልኩት። «ምን ያስቸግርዎታል?»

«ምንም አያስቸግረኝም። እሱ ያየኛል፣ እኔ አላየውም፤ እሱም ይሁን። የሚገርመኝ፣ ነጥብ አይደክመውም። አይርበውም። ፍሬኑ አይግልም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የተጫነ ተሳቢ በረሃውን ሲወርድ ፍሬን ይግላል። ጥሩ ሹፌር በከባድ ማርሽ ይወርዳል፣ ሽታውን ሲሰማ ደግሞ ዳር ይዞ ያቆማል፣ ያቀዘቅዛል። ባለንብረቱ ስልክ ላይ የሚታየው ግን መኪናው ለ40 ደቂቃ መቆሙ ነው። ስልክ ይደወላል፦ «ለምን ቆምክ?» አጎቴ እንዳለኝ፣ አንዳንድ ወጣት ሹፌሮች ይህን የስልክ ጥሪ ስለሚፈሩ ፍሬኑን ሳያቀዘቅዙ ይወርዳሉ። ደኅንነትን ይጠብቃል ተብሎ የተገጠመ ዕቃ የቆመን መኪና ጥፋተኛ አድርጎ ስለሚያሳይ ሰውን ወደ ገደል ይገፋል ማለት ነው።

በኤፒአርኤስ ፓኬት ውስጥ ያቺ አጭር ጽሑፍ የምትገባበት ቦታ አለች ብያለሁ። «ፍሬን እያቀዘቀዝኩ ነው።» በቃ። የብሩኒንጋ ክርክር ይኸው ነው። ቦታ ብቻውን ሲሆን ትርጉሙን የሚሰጠው የሚያየው ሰው ነው። ከቃል ጋር ሲሆን ግን ትርጉሙን የሚሰጠው እዚያ ያለው ሰው ነው። በመጀመሪያው አጎቴ የሚነበብ ነገር ነው፤ በሁለተኛው የሚናገር ሰው ነው።

ጭማሪው የሚያስታውሰው

እስካሁን ራዲዮውን ጥሩ፣ የመኪናውን ጂፒኤስ መጥፎ አድርጌ የሳልኩ ከመሰላችሁ ቆዩ። የእኔ ሙያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩም የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

ኤፒአርኤስ ራሱ ካርታ የለውም። ፓኬት ብቻ ነው። ካርታውን የሚሥሉት ሌሎች የጻፏቸው ፕሮግራሞች ናቸው። በጣም ከታወቁት አንዱ እንግሊዛዊው አማተር ሮጀር ባርከር የጻፈው ዩአይ ቪው ነበር። ሌሎች ሰዎች ጭማሪ ፕሮግራም እንዲጽፉለት በሩን ክፍት አድርጎ ነው የሠራው፤ አንዱ የተሻለ ካርታ፣ ሌላው የመከታተያ መስመር፣ ሌላው ማስጠንቀቂያ የሚጨምር። ባርከር እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሞት የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ለማንም አልተላለፈም። ዋናው ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር የመጣው በጭማሪ በኩል ብቻ ነው። ቆይቶም በራዲዮ የተሰማውን ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፉ ጣቢያዎች ተበራከቱ፤ ፊንላንድ ውስጥ አንድ አማተር እንደሚያስተዳድረው ኤፒአርኤስ ዶት ኤፍአይ ያሉ ድረ ገጾች ደግሞ የዓለምን ፓኬት ሰብስበው ያለፉ ቀናት ጉዞ ሳይቀር ያሳያሉ።

እስኪ ልብ በሉ። ፓኬቷ አልተለወጠችም። አንዲት ቢት አልተጨመረባትም። ግን በፊት አየር ላይ ከሰከንድ በላይ አትቆይም ነበር፤ የሰማት ሰማት፣ ያልሰማት አመለጠችው። አሁን ትቀመጣለች። ትናንት ከተላከችው ጋር በመስመር ትያያዛለች። መስመሩ ደግሞ ማንም ሆነ ብሎ ያልተናገረውን ይናገራል፦ ይህ ሰው በየሐሙሱ እዚህ ቤት ይቆማል፣ ማታ ማታ እዚህ ያድራል፣ ሰሞኑን ቤቱ የለም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን፤ የጽሑፍን ክብር ለመናገር ነው የምንለው። ተረቱ ግን ለእኔ ሙያ ማስጠንቀቂያም ነው። አንድ ሰው በቃል የነገረህን ነገር ሳታስፈቅደው መጽሐፍ ስታደርገው የሰጠህ ሌላ፣ የያዝከው ሌላ ይሆናል። ጭማሪ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ምንም አልሰረቀም፤ ክፍት የሆነ ነገር ነው የሰበሰበው። ያም ሆኖ የነገሩን ተፈጥሮ ቀይሮታል።

ሌላም ምሳሌ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። በኤፒአርኤስ ቦታ የሚጻፈው በዲግሪ፣ በደቂቃና በደቂቃ ክፍልፋይ ነው። ደንቡ ግን ላኪው የመጨረሻዎቹን አኃዞች ባዶ እንዲተው ይፈቅድለታል። ክፍልፋዮቹን ከተወ ቦታው በ1 ደቂቃ ልክ ይደበዝዛል፤ ይህ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ አኃዝ ቢጨምር 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ውሸት አይደለም። «እዚህ አካባቢ ነኝ» ማለት ነው። ጎጃም ገጠር ውስጥ መንገድ የጠየቀ ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል፦ «እዚያ ማዶ ነው»፣ «ከዚህ ወረድ ብሎ ነው»። እውነት ነው፣ ግን ልኩን የወሰነው ተናጋሪው ነው። አሁን ካርታ የሚሥል ፕሮግራም ስትጽፉ ይህችን ባዶ ምን ታደርጓታላችሁ? ሰፊ ክብ መሣል ይቻላል። ሰነፍ ወይም ቸኩሎ ያለ ፕሮግራመር ደግሞ ባዶውን ችላ ብሎ አንዲት ጥርት ያለች ነጥብ ያስቀምጣል። «እዚህ አካባቢ» የተባለውን «እዚህ» ብሎ ተረጎመው ማለት ነው። ሰው ያልተናገረውን በአፉ አስገባ። ይህ ሁሉ የሚወሰነው በአንዲት መስመር ኮድ ነው፤ ያቺን መስመር ደግሞ ማንም ስብሰባ ጠርቶ አይወያይባትም።

የባለንብረቱ ክርክር፣ የእናት ክርክር

ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። አንዱ ቀላል ነው፣ አንዱ ከባድ።

ቀላሉ የባለንብረቱ ነው። መኪናው የእኔ ነው፣ በብድር የገዛሁት ነው፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጭነት ይጎድላል፤ የት እንዳለ ማወቅ መብቴ አይደለም ወይ ይላል። ነው። መንግሥትም የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ በንግድ መኪኖች ላይ እንዲገጠም ማድረጉ ምክንያት አለው፤ በመንገዶቻችን ላይ ስንት ሰው እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ መኪናውና ሰውየው አንድ ወንበር ላይ መቀመጣቸው ነው። የመኪናው ባለቤት መኪናውን ሲያይ ሰውየውንም ያየዋል፤ ሰውየውን ግን አልገዛውም። ስለዚህ ባለንብረቱ የማየት መብት አለው ማለት፣ ሳይታይ የማየት መብት አለው ማለት አይደለም። ዝም ብሎ የማየት፣ ለዘላለም የማስቀመጥም እንደዚሁ።

ከባዱ የእናት ክርክር ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎችን ጭምር የያዙ አውቶቡሶች ገብረ ጉራቻ አካባቢ እንዲቆሙ ተደርገው ብዙ ተሳፋሪዎች ታገቱ። ከደጀን ተነስቶ በረሃውን የሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ልጁን የሸኘ ቤተሰብ «የት ደረስክ?» ሲል ድምፁ ሌላ ነው።

ይህ ነገር የራዲዮውን ውበትም ይፈትናል። በአማተር ራዲዮ ንግግርን በምስጢር ቋንቋ መሸፈን አይፈቀድም፤ ሁሉም ለሁሉም ክፍት ነው። ክፍትነቱ የሚያምረው የሚሰማው ሁሉ ጎረቤት ከሆነ ነው። አውቶቡስ የት እንደደረሰ ለአየሩ ሁሉ መናገር፣ አየሩ ላይ ማን እንዳለ በማይታወቅበት መንገድ፣ ደግነት አይደለም። «ሁሉም ሁሉን ይይ» የሚለው መልካም ደንብ ሰላም ያለበትን አገር አስቀድሞ አምኗል።

የእናት ክርክር ግን ከዚህም ያልፋል። የታገተ ልጅ ቁልፍ አይጫንም። «ፍሬን እያቀዘቀዝኩ ነው» ብሎ አይጽፍም። የዚያን ቀን ማታ እናቱ የምትመኘው ልጇ የማያውቀው፣ አጋቾቹም የማያገኙት፣ ጫማው ውስጥ የተደበቀ መከታተያ ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የምመኘው እሱን ነው። ስለ ነፃነት የሚጻፍ ጽሑፍ ይህን ምኞት እንደ ትንሽ ነገር ማለፍ የለበትም።

ታዲያ የእናት የተደበቀ መከታተያና የባለንብረቱ የተደበቀ መከታተያ ልዩነታቸው ምንድነው? ሃርድዌሩ አንድ ነው። ኮዱ አንድ ነው። «እናት ትወዳለች» ማለት ደግሞ አይበቃም፤ በፍቅር ስም ስንት ሰው ታስሯል። ለዚህ ልዩነት የሚሆነውን ቃል ከራዲዮ መጻሕፍት ውስጥ አላገኘሁትም። ቋንቋችን ውስጥ ነበር።

አደራ

በዚያው በደጀን መንገድ ላይ ሰው ለሹፌር አደራ ይሰጣል። ገንዘብ፣ ደብዳቤ፣ በርበሬ፣ የታመመ ሰው መድኃኒት። ደረሰኝ የለም። «አደራ» ይባላል፣ ይሄዳል። ሹፌሩ ያንን ፖስታ አይከፍተውም፤ ቢከፍተው፣ ከውስጡም ቢያጎድል፣ ስሙ ሌባ አይደለም፤ ከሌባ የባሰ ስም አለው፣ አደራ በላ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ነገሩ እጁ ላይ ነው፣ ግን የእሱ አይደለም።

የሰው ቦታ ንብረት አይደለም፣ ምስጢርም ብቻ አይደለም፤ አደራ ነው ብዬ አስባለሁ። ይህ ከሆነ ሦስት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ አደራ ሰጪ አለው። ያልሰጡህን አደራ መቀበል አትችልም። ልጁ በረሃ ከመግባቱ በፊት «እማ፣ ይሄን ይዣለሁ፤ እስክደርስ እዪኝ» ብሎ መከታተያውን ራሱ ቢያበራ፣ በኋላ ቁልፍ መጫን ባይችልም ቃሉ ቀድሞ ተሰጥቷል። የተደበቀው ከአጋች ነው፣ ከልጁ አይደለም። የባለንብረቱ የተደበቀ ዕቃ ግን የተደበቀው ከተሸካሚው ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ከማን ነው የተደበቀው?

ሁለተኛ፣ አደራ ጉዳይ አለው፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። የመድኃኒቱ ፖስታ ደጀን ሲደርስ ከሹፌሩ እጅ ይወጣል። «ደረስኩ» ከተባለ በኋላ የጉዞው መስመር ለምን ይቀመጣል? ጭነት ጎደለ የሚል ክርክር እንዳለ ለማጣራት ጥቂት ቀን ይቀመጥ እንበል። ከዚያ ይጥፋ። ሰርቨር ላይ ዲስክ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሦስት ዓመት ጉዞ ማስቀመጥ፣ ያልተመለሰ አደራ ነው።

ሦስተኛ፣ አደራ ተቀባይ ይጠየቃል። ሰጪው «አደራዬን ምን አደረግከው?» ማለት ይችላል። በኮድ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ አጎቴ የራሱን ነጥብ፣ ባለንብረቱ በሚያይበት ካርታ ላይ ማየት ይቻለው፤ ማን መቼ እንዳየውም የሚያሳይ ገጽ ይኑረው።

ይህ ሁሉ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሞክሬዋለሁ። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ሥርዓት እንድሠራለት ፈልጎ ነበር። ሹፌሩ ለምን እንደቆመ የሚናገርበት ቁልፍ አቀረብኩለት፤ ፍሬን፣ ምግብ፣ ኬላ፣ ብልሽት የሚል። ወዲያው ወደደው፤ በየሰዓቱ ከመደወል አሳረፈው። መስመሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንዲጠፋ ያልኩትን ትንሽ ተከራክሮ ወደ አንድ ወር አስረዘመውና ተስማማ። «ማን አየኝ» የሚለው ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ሠራተኛዬ ነው እንዴ እኔን የሚቆጣጠረኝ?» አለ። ይህ ጥያቄ ሲያሰላስለኝ ኖሯል፤ ምክንያቱም ማየትና መታየት በእሱ ዓይን የበላይና የበታች ምልክት እንደሆኑ በግልጽ ተናግሮታል። ገጹ ቀረ። ከዚያ በተጨማሪ የራሱ ባትሪ ያለው፣ ሹፌሩ የማያውቀው ሌላ መከታተያ ከሥርዓቱ ጋር እንዳገናኝ ጠየቀኝ። ያንን አልሠራም አልኩ፤ ከሥራውም የተወሰነው ክፍል ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

ጓደኞቼ «አንተ ባትጽፈው ሌላ ይጽፈዋል፣ ምን ለወጥክ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ተጽፏል። ግን ይህ ክርክር ለአደራ አይሠራም። «እኔ ፖስታውን ባልከፍተው ቀጣዩ ሹፌር ይከፍተው ነበር» የሚል ሰው ደጀን መናኸሪያ ላይ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አስቡት። አደራ የሚጠየቀው በተያዘበት እጅ ነው፣ በሚቀጥለው እጅ አይደለም።

በእነዚህ ዓመታት አገራችን ውስጥ ሁሉም ነገር ነጥብ እየሆነ ነው። ታክሲው፣ ምግብ አድራሹ፣ ጭነቱ፣ ነገ ደግሞ ተማሪውና ሠራተኛው። አብዛኛውን የምንጽፈው ሃያዎቹ ውስጥ ያለን ልጆች ነን፤ የትኛው ሎግ ለስንት ቀን ይቀመጥ፣ ማን የትኛውን ገጽ ይይ የሚለውን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቀነ ገደብ ሲያጣድፈን የምንወስነው እኛ ነን። አለቃ ሳይጠይቀን ልናደርጋቸው የምንችላቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ለደበዘዘው ቦታ ክብ መሣል፣ የሚጠፋበትን ቀን መጻፍ፣ «ለምን ቆምክ?» ከሚል ስልክ በፊት ለሹፌሩ አንዲት የቃል ቦታ መተው። ማሽን ራሱ «የት ደረስክ?» ማለት አይችልም፤ የሚጠብቅ ልብ የለውም። የሚጠይቀው ሰው ግን በእሱ በኩል እንዲህ ብሎ እንዲጠይቅ፣ የሚመልሰውም «ደረስኩ» ሲል ጥያቄው በእውነት እንዲያበቃ አድርገን መጻፍ እንችላለን።